ከሰሉን ወደ ውጭ፣ ሙቀቱን ወደ ውስጥ

(ሐረር ውስጥ በሰፈራችን እድር ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ጥቂት ቦታ ላይ ከማሳጠር በቀር እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ አለይኩም! ጤና ይስጥልኝ! እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶች፣ ወንድሞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የእድራችን ዳኛ "መዋጮው ተሰብስቦ ሲያልቅ ግማሽ ሰዓት ውሰድ" ብለውኛል። ይበቃኛል። ካለፍኩ ያስቁሙኝ።

ብዙዎቻችሁ በሙያዬ ታውቁኛላችሁ። ግንበኛ ነኝ። እዚህ ከተማ ድንጋይ ጠርቤያለሁ፣ ብሎኬት ደርድሬያለሁ፣ ቆርቆሮ መትቻለሁ። ዛሬ የመጣሁት ግን ስለ ብርድ ላወራችሁ ነው። ህዳር ተጋምሷል። ታህሳስና ጥር እየመጡ ነው።

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን ሐረርንና ድሬን አንድ አድርገው ነው የሚያዩት። "እናንተ ጋ እኮ ሙቀት ነው" ይሉናል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኛ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነን። አየሩ ደግሞ ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከድሬ በስስ ቲሸርት የተሳፈረ ልጅ ደንገጎን ሲወጣ መስኮት ይዘጋል። ሐረማያ ሲደርስ ሹራብ ይጠይቃል። አይታችሁታል አይደል?

ደግሞ ክረምቱ ሳይሆን በጋው ነው ሌሊት የሚያንዘፈዝፈን። ለምን? በሐምሌ ሰማዩ ደመና ነው። ደመናው ሙቀቱን ይዞልን ያድራል። በታህሳስ ሰማዩ ጥርት ይላል። መሬቱም ጣሪያውም ቀን የሰበሰቡትን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቁታል። ቀን ጃኬት አውልቀን የምንሄድበት አገር፣ ማታ ብርድ ልብስ ደርበንም አይበቃንም።

ሁለት ነገር ላነሳ ነው የመጣሁት። አንዱ ሰው የሚገድል ነው። ሌላው ኪስ የሚያራቁት ነው። ከገዳዩ ልጀምር።

መጀመሪያ፣ ከሰሉ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። እጅ አታውጡ፣ በልባችሁ መልሱ። ቡና ከተፈላ በኋላ የተረፈውን ፍም መኝታ ቤት አስገብቶ፣ በር ዘግቶ የተኛ ስንት ሰው አለ? ለአራስ፣ ለሕፃን፣ ለታመመ ሰው ብሎ ያደረገውስ? በፍቅር ነው የምናደርገው። ማንም ሰው ቤተሰቡን ለመጉዳት ብሎ ምድጃ አያስገባም። ስለዚህ ነው የሚያንገበግበኝ።

አንድ ጥር ወር ላይ፣ ሌሊት በራችን ተደበደበ። ግቢያችን ውስጥ አንዲት አራስ ተከራይታ ትኖር ነበር። እህቷ ልታርሳት ከገጠር መጥታለች። በሩን ስከፍት እህትየዋ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ቆማ አልነበረም ያንኳኳችው። እግሯ አልታዘዝ ብሏት በእጇ እየዳኸች ነው የመጣችው። "ራሴ ሊፈነዳ ነው፣ እሷን ቀስቅሷት" አለችኝ። ሮጬ ገባሁ።

ቤቱ ውስጥ ምን ነበር መሰላችሁ? ምንም። ጭስ የለም። የሚያፍን ሽታ የለም። እጣን እጣን ብቻ ይላል። መስኮቱ ዙሪያውን በጨርቅ ተወትፏል። ጥግ ላይ ምድጃው አለ፣ ላዩ አመድ ለብሷል። አመዱን በእንጨት ገለጥ ሳደርገው ስሩ ፍሙ ቀልቶ ይታያል። አራሷ ስትጠራ ትሰማለች፣ ግን መልስ መስጠት አትችልም። ሕፃኑን ባለቤቴ አቅፋ አወጣችው። እናቲቱን ሁለት ሆነን በብርድ ልብስ ተሸክመን ውጭ አስተኛናት። ጎረቤት ተሰበሰበ። "ምች ነው" ያለ አለ። "የበሉት ነገር ነው" ያለ አለ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን "ቤቱ ውስጥ ከሰል ነበር ወይ?" ብሎ ነው። ኦክስጅን ተደረገላቸው። ሦስቱም ዳኑ፣ ተመስገን። ያ ሕፃን ዛሬ ተማሪ ነው።

እህትየዋ ባትነቃ ኖሮስ? እስቲ አስቡት። ባትነቃ ኖሮስ?

ያ ነገር ስም አለው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለውም። ሽታ የለውም። ዓይን አያቃጥልም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከም ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። ይህ ሄሞግሎቢን ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ አየሩ ውስጥ ትንሽ ሲገባ ሰውነት ውስጥ ብዙ ይሆናል። ሰውየው እየታፈነ መሆኑን አያውቅም። እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል።

"ፍሙ ከቀላ በኋላ ችግር የለውም" ይባላል። ውሸት ነው። ጭሱ ነው የሄደው፣ ጋዙ አልሄደም። "ጨው ነስንሼበታለሁ" ይባላል። ጨው ይህን ጋዝ አያጠፋም። "አጠገቡ ውሃ አስቀምጫለሁ" ይባላል። ውሃም አይመጠውም። "አመድ አልብሼዋለሁ" ይባላል። አመድ የለበሰ ፍም ቀስ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ይነዳል፣ ሌሊቱን ሙሉ ጋዙን ይለቃል። መድኃኒቱ አንድ ነው። ከሰል ከሰው ጋር አያድርም። ደግሜ ልበለው፣ ከሰል ከሰው ጋር አያድርም!

ቡና አታፍሉ አላልኩም። ማን ይሰማኛል? ቡናውን አፍሉ፣ በሩን ክፈቱ። በርጫ ላይ የምትቀመጡ ወጣቶች፣ እናንተንም ነው። በር ተዘግቶ፣ መጋረጃ ወርዶ፣ መሐል ላይ ከሰል ነዶ ከሰዓት እስከ ማታ የሚቆይበት ክፍል አለ። ራሳችሁን ሲያማችሁ ከጫቱ ነው ትላላችሁ። አቦ፣ መስኮቱን ክፈቱት!

ምልክቱን ያዙልኝ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት። አንድ ቤት ያሉ ሰዎች ባንዴ እንዲህ ካሉ፣ ክፍሉ ውስጥ ከሰል ካለ፣ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። በር ክፈቱ፣ ሰዎቹን ንጹሕ አየር ላይ አውጡ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል። ሕይወት ፋናም ጀጎልም ሩቅ አይደሉም። "ትንሽ ይረፍ፣ ይሻለዋል" ብላችሁ አታስተኙ።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ቀጥዬ ቤታችሁን ዝጉ፣ ድፈኑ ልላችሁ ነው። ከሰል የሚያድርበትን ቤት ከመድፈን የከፋ ነገር የለም። ከሰሉ መጀመሪያ ይውጣ። መጀመሪያ እሱ ይውጣ።

እሺ። ሁለተኛው።

እኛ ሐረሮች ስለ ውሃ ማንም አያስተምረንም። ውሃ በወረፋ ጠብቀን፣ በቦቴ ገዝተን ኖረናል። በርሜሉ ቢያፈስ ምን ታደርጋላችሁ? ሌላ ቦቴ ትጠራላችሁ ወይስ ቀዳዳውን ትደፍናላችሁ? ሙቀትም እንደዚያው ነው። ብዙዎቻችን ሲበርደን የምናስበው ምን እንደምንጨምር ነው፤ ማሞቂያ፣ ከሰል፣ ሌላ ብርድ ልብስ። ቀን ፀሐይ በነጻ ያስገባችልን ሙቀት በየት በኩል እንደሚወጣ አናይም።

የድሮ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ወጣት ሆኜ ጀጎል ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት ሲታደስ ሠርቻለሁ። የሚያሠሩን አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ነበሩ። ጌ ጋር፣ ማለትም የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ገብታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው፣ ውፍረቱ ግማሽ ሜትር ገደማ። ስንሠራ ውለን ፀሐይ ከገባች በኋላ ሽማግሌው እጄን ይዘው ከውስጥ በኩል ግድግዳው ላይ አስቀመጡት። ውጭ ብርዱ ጀምሯል። ግድግዳው ግን ለብ ይላል። "ቀን የበላውን አሁን ነው የሚሰጥህ" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወፍራም ድንጋይ ሙቀትን ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ቀስ ብሎ ይለቃል። ቀን ቤቱ አይግልም፣ ሌሊት አይቀዘቅዝም። መስኮቱ ትንሽ ነው። የድሮው ጣሪያ ግንድ ተረብርቦ ላዩ ላይ አፈር የተደለደለበት ነው። መቀመጫው ደግሞ ነደባ ነው፣ ከወለሉ ከፍ ያለ፣ ምንጣፍ የለበሰ። ቀዝቃዛ አየር ወለል ላይ ነው የሚተኛው፣ ሰውየው ከሱ በላይ ነው የሚቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ዓለም ሁሉ አወቀን። ቱሪስቱ መጥቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ስፌትና ሳህን ፎቶ ያነሳል። እኔ የማዝነው እኛው ራሳችን ከሳህኑ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ሳናይ መቅረታችን ነው።

ዛሬ የምንሠራው ምንድን ነው? 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት፣ መሐሉ ባዶ። አንዳንዱ 15 ነው። ላዩ ላይ ቆርቆሮ። ኮርኒስ "በኋላ እናደርገዋለን" ይባልና ልጆቹ ትምህርት ቤት ይጨርሳሉ፣ ኮርኒሱ አልተሠራም። ብሎኬት አትሥሩ አልልም፣ ድንጋይ ዛሬ የማን አቅም ነው? ግን የጎደለውን ማካካስ ይቻላል።

ከጣሪያው ጀምሩ። ሞቃት አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው። እላይ የሚያገኘው ስስ ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮው ደግሞ ጥርት ላለው ሰማይ ሙቀቱን ለቆ ከውጭው አየር እንኳ በላይ ይቀዘቅዛል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀና ብላችሁ እዩት። ከውስጥ በኩል ያልበዋል። ጠብታው ሚስማሩ ጫፍ ላይ ይንጠለጠልና ብርድ ልብሱ ላይ ጠብ ይላል። "ጣሪያዬ ያፈሳል" ብለው የጠሩኝ ሰዎች አሉ፣ በታህሳስ፣ ዝናብ በሌለበት። ማፍሰስ አይደለም። የራሳችሁ ትንፋሽ ነው፣ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ነክቶ ውሃ የሆነ።

ችፑድ የቻለ ችፑድ ያድርግ። ያልቻለ አቡጀዴ። እሱንም ያልቻለ፣ የታጠበ ማዳበሪያ ሰፍቶ ይወጥር። መኪና ግርግር ይዛችሁ ሂዱ፣ ባለ ስፌት መኪናዎቹ ቀጣጥለው ይሰፉላችኋል። ዋናው ነገር በቆርቆሮውና በጨርቁ መሐል አየር ተይዞ መቅረቱ ነው። የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። ጋቢም የሚያሞቀን በድርቡ መሐል አየር ስለሚይዝ ነው። አንድ አደራ ግን አለኝ፦ ጨርቁ የመብራት ሽቦ እንዳይነካ። ሽቦው የተላጠ ወይም የተቀጣጠለ ከሆነ መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን ይየው።

ቀጥሎ በርና መስኮት። የት እንደሚያስገባ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ማታ ንፋስ ሲኖር እጣን አጭሱና ማጨሻውን ይዛችሁ በበሩ ዙሪያ፣ በመስኮቱ ዙሪያ ቀስ እያላችሁ ዙሩ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። ከተጠማዘዘ፣ ንፋሱ እዚያ ነው። አብዛኛው ቤት ላይ ትልቁ ክፍተት ከበሩ ስር ነው፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ አይቻለሁ። ለሱ ደግሞ ያረጀ ሱሪ አንዱን እግር ቁረጡ፣ አንዱን ጫፍ ስፉት፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለምናችሁ ጠቅጥቁበት፣ ሌላውንም ጫፍ ስፉት። ማታ በሩ ስር ታስቀምጡታላችሁ። ይኸው ነው። ምድር ቤት በባዶ ሲሚንቶ ላይ የምትኖሩ፣ ልጆች የሚቀመጡበት ቦታ ምንጣፍ ወይም ሰሌን ይነጠፍ።

ፀሐይዋንም ተጠቀሙባት። በታህሳስ ፀሐይ ቀትር ላይ እንኳ አናታችን ላይ አትሆንም፣ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ በደቡብ በኩል መስኮት ያለው ሰው ሀብታም ነው። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ መጋረጃውን ግለጡ፣ ትግባ። ፍራሹን፣ ብርድ ልብሱን ፀሐይ ላይ አውጡት፣ እርጥበቱ ይውጣ። ቤቱን በቀትር አናፍሱት፣ ውጭው ሲሞቅ። አሥር ሰዓት ላይ ግን መስኮት ይዘጋ፣ መጋረጃ ይውረድ። ብዙ ሰው ከመሸ በኋላ ሲበርደው ነው የሚዘጋው፣ ያኔ ሙቀቱ ወጥቷል። የታጠበ ልብስም ቤት ውስጥ አታስጡ። እርጥብ ቤት ይበርዳል፣ ግድግዳውም ይሻግታል። አዲስ ቤት የምትጀምሩ ካላችሁ ደግሞ፣ መስኮቱ ወዴት ይዙር የሚለውን መሠረት ሳይቆፈር ጠይቁኝ። ይህን በነጻ ነው የምነግራችሁ።

አሁን መብራት። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ስትገዙ ነጋዴው "ይሄኛው አይበላም" ይላችኋል። ከጀርባው ያለውን ቁጥር አንብቡ። 2,000 ዋት ካለ፣ በሰዓት 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ቀይ ቢበራ፣ ዘይት ቢኖረው፣ ቢያራግብ፣ ለውጥ የለውም። ማታ ማታ ለአራት ሰዓት ያህል ብታበሩት በወር 240 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። አንድ 2,000 ዋት ማሞቂያ ከ200 በላይ ባለ 9 ዋት አምፖል ያህል ነው። ልጁን "አምፖል አጥፋ" እያልን የምንቆጣው ከማሞቂያው አጠገብ ተቀምጠን ነው። የመብራት ታሪፉ ደግሞ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ራሱ ከፍ እያለ ነው የሚሄደው። ማሞቂያ የግድ ካስፈለገ አንድ ክፍል ምረጡ፣ ሁሉም እዚያ ይሰብሰብ፣ ከመኝታ በፊት ይጥፋ።

ዲቫይደር ላይ አትሰኩት። 2,000 ዋት ማለት ወደ 9 አምፔር ነው። እዚያው ላይ ስቶቭ ከጨመራችሁ ሽቦው ይግላል። ሶኬቱን በእጅ ጀርባ ንኩት፤ ከሞቀ ንቀሉት። ምጣድ ደግሞ ለብቻው፣ በወፈረ መስመር።

ምጣድ ካነሳሁ አይቀር፣ ምጣዱ አንዴ እስኪግል የሚበላው መብራት ቀላል አይደለም። ሦስት ጎረቤት በሦስት ቀን ከሚጋግሩ፣ በአንድ ቀን ተራ ገብተው ቢጋግሩ እሱ መብራት ይተርፋል። የድሮው ግቢ እንደዚያ ነበር። ባቄላና ሽምብራ ማታ ይዘፍዘፍ። ድስት ክዳን ይኑረው። ንፍሮ ሲፈላ ከቆየ በኋላ አውርዳችሁ በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፣ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። እንጨት የምታነዱ፣ "ምርጥ" የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ እዩት፣ ከሦስት ጉልቻው እስከ ግማሽ እንጨት ይቆጥባል። ከሰል ለቡና ከሆነ፣ "ላቀች" የሚባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ይሻላል።

አዎ እማማ፣ ይጠይቁ።

(አንዲት እናት "መብራት ሲጠፋስ ምን ልሁን ልጄ? ከሰሉንም ከለከልከኝ" አሉ።)

እውነትዎን ነው እማማ። ጥያቄው የብዙ ሰው ነው። መብራት ሳይጠፋ ቀን ውሃ አፍልተው ፔርሙዝ ይሙሉ። ፋርማሲ የሚሸጥ የሙቅ ውሃ ጎማ አለ። እሱን ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ በፎጣ ጠቅልለው ከመተኛትዎ ትንሽ ቀደም ብለው አልጋው ውስጥ እግርዎ የሚደርስበት ቦታ ያስቀምጡት። የፈላ ውሃ አይጨምሩበት፣ በረድ ይበል። ካልሲና ሻሽ ያድርጉ። ከላይ ከመደረብ በፊት ከስር ያንጥፉ፣ ብርዱ ከፍራሹ ስር ነው የሚገባው። ብቻዎን አይተኙ፣ የልጅ ልጅዎ አብራዎት ትተኛ። ምድጃውን ግን እማማ፣ በሞቴ፣ ደጅ ያሳድሩት።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ። ዳኛችን አንድ ነገር እንድናገር ፈቅደውልኛል። እድራችን ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን አሉ፣ ቤታቸው ኮርኒስ የሌለው። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ቤት ልንወጥር አስበናል። እኔ መሰላሉንና ሚስማሩን አመጣለሁ። የታጠበ ማዳበሪያ ያላችሁ እዚህ ድንኳኑ የሚቀመጥበት ክፍል አምጡ። የተቀደደ አይሁን። ወጣቶች ለጉልበት እንፈልጋችኋለን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ። አንድ ኤሌክትሪሺያን ወንድማችንም ሽቦውን በነጻ ሊያይልን ቃል ገብቷል። የአረጋውያኑን ቤት የምታውቁ፣ እነሱ ራሳቸው አይጠይቁምና፣ ስማቸውን አሁን ከመውጣታችሁ በፊት ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ። አመሰግናለሁ።